ካኪ ሁሉ የጣሊያን አይደለም

ጅጅጋ ልባሽ ጨርቅ ተራ ገብቶ ወፈር ያለ የወታደር ኮት ያነሳ ሰው፣ ከዋጋው በፊት ታሪኩን ይሰማል። «አቦ፣ ይሄ እኮ የጣሊያን ነው፤ ጨርቁን ንካው!»

ታሪኩ ቢታመን አይፈረድም። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር ጅጅጋን ያዘ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሥር የዘመቱ ናይጄሪያውያን ጅጅጋ ገብተው ማርዳ በር በተባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ተዋጉ። የእንግሊዝ አስተዳደር ጅጅጋን የለቀቀው በ1941፣ ሐውድን በ1947 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 1970 ደግሞ የሶማሊያ ጦር ገባ፤ በየካቲት 26 የኢትዮጵያና የኩባ ጦር አስለቀቀው። ታዲያ አሮጌ ካኪ እዚህ ካልተገኘ የት ይገኛል?

ችግሩ፣ የዘመተ ወታደር ኮቱን እስኪበጣጠስ ይለብሰዋል። የተረፈውንም ብልና ምስጥ አይምሩትም። ገበያው ላይ የተሰቀለው በአብዛኛው በርበራ ወደብ ወርዶ በቶጎ ውጫሌ በኩል በቦንዳ የገባ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ጭነት ጋር የአውሮፓ ጦሮች ትርፍ ልብስ አብሮ ይጓዛል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990 የፈረሰው የምሥራቅ ጀርመን ጦር ልብስ ዓለምን አዳርሷል። ግራጫ ኮቱን «የሂትለር ዘመን ነው» እያሉ የሚሸጡት የኛ ነጋዴዎች ብቻ አይደሉም፤ አውሮፓም ውስጥ ሰው ይሸወድበታል።

«ኮሌታው ላይ ኮከብ ካለ የጣሊያን ነው» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። አምስት ጫፍ ያለው ትንሽ ኮከብ የጣሊያን ወታደር ምልክት ነው፤ ግን የዛሬውም የጣሊያን ጦር ያደርገዋል። ስለዚህ አገሩን እንጂ ዘመኑን አይናገርም። ደረቱ ላይ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ የኪሱን ክዳን የሚሠራው የ«ሳሃሪያና» ቅርጽም እንዲሁ፤ ከጦርነቱ በኋላ የፋሽን ሰፊዎች ሲቀዱት ኖረዋል። እኔ ብሆን ከኮከቡ ይልቅ የተሰካበትን ቦታ አያለሁ። የቆየ ኮከብ እግሮቹ የገቡበት ቀዳዳ ዳር ዝገት ይተዋል፤ ከሥሩ ያለው ጨርቅም ፀሐይ ስላላገኘው ጠቆር ብሎ ይቀራል። ትናንት የተሰካ ኮከብ ይህ የለውም።

የእንግሊዙ ይቀላል። ገበሩ ወይም የኪሱ ውስጥ ላይ በቀለም የታተመ የቀስት ጫፍ ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜ የሠሪው ስምና ዓመተ ምሕረት አብረውት አሉ። ቀስቱ በ«ዩ» ፊደል ውስጥ ከሆነ የደቡብ አፍሪካ ነው። የእነሱም ወታደሮች በ1933ቱ የምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ነበሩበት። ዓመተ ምሕረቱን ግን አትለፉት፤ ቀስቱ ከጦርነቱ በኋላም ብዙ ዘመን ሲታተም ኖሯል።

ክርክሩን ባንዴ የሚቆርጠው ግን የታግ ቁጥር ነው። ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ካለ፣ በ8405 ወይም በ8415 ጀምሮ፣ ቀጣዮቹ ሁለት አኃዞች አገሩን ያሳያሉ፤ 12 ጀርመን፣ 15 ጣሊያን፣ 99 እንግሊዝ፣ 00 እና 01 አሜሪካ። ይህ የኔቶ አቆጣጠር የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር የያዘ ኮት ግራዚያኒን ሊያውቀው አይችልም።

ታጉ ከተቀደደስ? ከስፌቱ ውስጥ አንዲት ክር መዝዞ መለኮስ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ፖሊስተር ለገበያ የበቃው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ፣ ዋናው ስፌት ፖሊስተር ከሆነ ነገሩ አለቀ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ግን የጥገና ክር ሊሆን ስለሚችል ሌላ ስፌት ይታይ።

የሐሰት ብር በሚፈተሽበት መብራት ሥር «ካበራ አዲስ ነው» የሚሉም አሉ። የድሮ ጥጥ አያበራም፣ ልክ ነው። ነገር ግን አንዴ በኦሞ የታጠበ የጣሊያን ኮትም ያበራል፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ማንጫ ጨርቁ ላይ ይቀራል። መብራቱ ብቻውን በማንም ላይ አይፈርድም።

ከሁሉ የሚከብደው የ1970ው ጦርነት ልብስ ነው። ከ1945ቱ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ወታደራዊ ስምምነት ወዲህ የኢትዮጵያ ጦር ብዙ የአሜሪካ ዕቃ ታጥቆ ነበር። ያን ዘመን የሚያሳይ የአሜሪካ ታግ ያለው አረንጓዴ ሸሚዝ በዚያ ጦርነት ጅጅጋ አጠገብ ካራማራ ተራራ ላይ የዋለ ሊሆን ይችላል፤ ከቴክሳስ መጋዘን ወጥቶ ባለፈው ወር የገባም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው፤ ልዩነቱ ከልብሱ ውጪ ነው ያለው። በቀለም የተጻፈ ስም፣ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ የተነሳ ፎቶግራፍ፣ የክፍል መታወቂያ። እነዚህ ከሌሉ ለአሮጌ ሸሚዝ የሚከፈለውን ያህል ብቻ ይከፈል። የአባቱን ኮት ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ከማጠቡ በፊት የማን እንደነበረና የት እንደተለበሰ በወረቀት ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይክተት።