ክኒን በጠፈር ላይ

«ስበት ከሌለ ክኒን እንዴት ወደ ሆድ ይወርዳል?» ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ክኒን አይወርድም፤ ይገፋል። ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ ያለው ቧንቧ ጡንቻ ነው፤ ተዘቅዝቆ ለሚውጥ ሰውም ሥራውን አያቋርጥም። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፦ መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፣ ጉበት ይለውጠዋል፣ ኩላሊት ያስወግደዋል።

በጠፈር ላይ የሚለወጠው ፍጥነቱ ነው። ይህን ለማወቅ ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ የምወደው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ መንኮራኩሮች ላይ የተደረገውን የምራቅ ጥናት ነው። በበረራ ላይ ደጋግሞ ደም መቅዳት አስቸጋሪ ስለሆነ ጠፈርተኞቹ ፓራሲታሞል ውጠው ምራቃቸውን በየተወሰነ ጊዜ አጠራቀሙ። ምርጫው ድንቅ ነበር። ፓራሲታሞል ከደም ወደ ምራቅ በቀላሉ ያልፋል፤ በምራቅ ያለው መጠንም በደም ያለውን ይከተላል። ከዚህም በላይ ጨጓራ ውስጥ እያለ ወደ ደም የሚገባው እዚህ ግባ አይባልም፤ በሩ ትንሹ አንጀት ነው። ስለዚህ ምራቅ ላይ ዘግይቶ ከታየ፣ ጨጓራ ይዞታል ማለት ነው። አንዲት ርካሽ ክኒን የጨጓራን ፍጥነት ነገረቻቸው! ውጤቱ ከምድሩ የተለየ ነበር፤ ከሰው ሰው፣ ከበረራ ቀን ቀንም ተለዋወጠ።

እዚህ ላይ በአንድ ነገር ልቆጣ። ከከባድ ምሳ በኋላ ፓራሲታሞል ውጣችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «አልሠራልኝም» ብላችሁ የምትደግሙ፣ እባካችሁ ተዉ። የመጀመሪያው ገና ጨጓራችሁ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ድምሩን የሚሸከመው ጉበታችሁ ነው።

የእነዚያ መንኮራኩሮች በረራ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ተኩል ነበር። ዛሬ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ስድስት ወር መቆየት የተለመደ ነው። በዚያ ጊዜ የሰውነት ፈሳሽ ወደ ደረትና ራስ ይሸሻል፣ የደም ውሃ ይቀንሳል፣ ጡንቻም ይሳሳል። መድኃኒት የሚሰራጭበት ሰውነት ራሱ ሌላ ይሆናል፤ የሚሰጠው መጠን ግን በአብዛኛው በምድር የተለካው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈተና ማቅለሽለሽ ነው። የሚያቅለሸልሸው ሰው ጨጓራ ስለሚዘገይ የተዋጠ ክኒን እዚያው ይቆያል፤ ስለዚህ ፕሮሜታዚን የተባለውን የማቅለሽለሽ መድኃኒት በጡንቻ መርፌ መስጠት ተለመደ። ይህ መድኃኒት በምድር ላይ እንቅልፍ በማምጣት የታወቀ ነው። በጠፈር የወሰዱት ግን ስለ እንቅልፍ ያማረሩት ከምድሩ በጣም ባነሰ ቁጥር ነው።