ቡድናችሁን ተከትላችሁ ድሬዳዋ ልትወርዱ ነው? ብር ከማዋጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ



የጨዋታ ፕሮግራም ሲወጣ የደጋፊ ቴሌግራም ግሩፕ እንዴት እንደሚጦፍ አውቃለሁ፤ እኔም አባል ነኝ። ስንት አውቶቡስ ይከራያል፣ ሰው ስንት ብር ያዋጣል፣ ከበሮውን ማን ይይዛል፣ አስጨፋሪው ይመጣል ወይ... ሁሉም ይነሳል። የምንሄድበት ከተማ ምን ዓይነት አየር እንዳለው፣ ምን ዓይነት ትንኝ እንዳለው የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ዛሬ እሱን እናውራ።

ምሳሌ የማደርገው ድሬዳዋን ነው። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ የአዲስ አበባ ደጋፊ ሻንጣ መሸከም ለምዷል፤ ድሬም ውድድሩን ካስተናገዱት ከተሞች አንዷ ናት። ደግሞ ለእንግዳ አዲስ አይደለችም፤ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ስናዘጋጅ አንዱ ምድብ የተጫወተው እዚያው ነበር፤ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም የምድብ ጨዋታዎቿን ያደረገችው ድሬ ላይ ነው። ከተማዋን እወዳታለሁ። ስለዚህ የምጽፈው እንዳትሄዱ አይደለም፤ ሄዳችሁ በጤና እንድትመለሱ ነው።

አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር። በአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ ማለት ነው። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ነው። እኛ አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ደግሞ ሰውነታችን ወባን አያውቀውም። ገጠር ተወልዳችሁ በልጅነታችሁ ደጋግሞ ይዟችሁ ከነበረም፣ ከተማ ብዙ ዓመት ስትኖሩ ያ የመቋቋም አቅም እየጠፋ ይሄዳል። «እኔን ወባ ለምዶኛል» የሚል ሰው ካለ ይህችን መስመር ደግሞ ያንብባት።

«ድሬ እኮ ደረቅ ናት፣ አስፋልት ነው፣ ረግረግ የለም፣ ወባ ከየት ይመጣል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። ድሮ የምናውቃት የወባ ትንኝ ዝናብ ያቆረው ኩሬና ረግረግ ላይ ነበር የምትራባው። አሁን ግን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ አለች። አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ይቺ ከተሜ ናት! ሮቶ፣ በርሜል፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ዝናብ አትጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቅ ወቅት የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር፤ ተመራማሪዎችም ከዚችው ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ስለዚህ «በጋ ነው፣ ከተማ ነው» የሚለው መተማመኛ አይሰራም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ የሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ትኩሳት በጀመረው በአምስተኛው ቀን ወንድሙ ደግፎት ወደ እኔ መጣ (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ)። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ታይቶ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቱ ጠቁሯል፣ ንግግሩ ይምታታል። ወንድሙን «ባለፈው አንድ ወር ከአዲስ አበባ ወጥቷል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኧረ የትም አልሄደም ዶክተር።»

ትንሽ ቆይቶ፣ «ኳስ ለማየት ድሬ ደርሶ መጣ እንጂ፤ አንድ ሌሊት ነው ያደረው።»

ደሙ ሲታይ በወባ ጥገኛ ተሞልቷል። ወዲያው በደም ስር የሚሰጠው መድኃኒት ተጀመረለት፤ ከስድስት ቀን በኋላ ከሆስፒታል ወጣ። አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ የምጽፈው ሌላ ታሪክ ነበር።

የወንድሙ መልስ ግን እስካሁን ይገርመኛል። ውሸት አልተናገረም። እኛ ደጋፊዎች ጨዋታ ለማየት መሄድን «ጉዞ» ብለን አንቆጥረውም፤ ሥራ፣ ለቅሶ ወይም ሰርግ ካልሆነ የሄድን አይመስለንም። ሐኪም ቤት ስትገቡ ደግሞ ሁሉም ባለሙያ «የት ነበርክ?» ብሎ አይጠይቅም፤ በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ። ስለዚህ ሳትጠየቁ ራሳችሁ ተናገሩ፦ «በዚህ ቀን ድሬዳዋ ነበርኩ፣ አድሬያለሁ፣ የወባ ምርመራ ይታዘዝልኝ።» በቃ፣ ይህች ዓረፍተ ነገር ሕይወት ታተርፋለች።

ለታይፎይድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰራው የደም ምርመራ (ቪዳል የሚባለው) ደግሞ ብዙም የሚታመን አይደለም። ድሮ የነካችሁ በሽታም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። «ታይፎይድ ተገኘ» ማለት «ወባ የለም» ማለት አይደለም።

ቀን አቆጣጠሩን እንዲህ ያዙት። ወባ ያለባት ትንኝ ከነከሰችበት ቀን ጀምሮ ትኩሳት እስኪመጣ ቢያንስ 7 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በብዛት ከ9 እስከ 18 ቀን ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጨዋታ አይታችሁ ሰኞ ቢያተኩሳችሁ ከዚያ ጉዞ የመጣ ወባ የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ምናልባት ጉንፋን፣ ምናልባት የበላችሁት ነገር። ከሳምንት በኋላ እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከመጣ ግን ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ወባ ነው ብላችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ። «ነገ ካልተሻለኝ» አይሰራም። ምርመራው ነጌቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ከቀጠለ በማግስቱ ይደገማል፤ አንዳንዴ በፈጣኑ መመርመሪያ የማይያዝ ወባ ስላለ ደም በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ለእሱ የሚሰጠውን ተጨማሪ መድኃኒት «ተሻለኝ» ብላችሁ እንዳታቋርጡ።

ድሬ ላይ ደንጊም ቺኩንጉኒያም ወረርሽኝ አስነስተው ያውቃሉ። እነሱን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በቀን ነው። ለዚህ ነው ከጉዞ በኋላ ለሚመጣ ትኩሳት ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትውሰዱ የምለው፤ ደንጊ ከሆነ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። እስክትመረመሩ ፓራሲታሞል ይበቃል።

መከላከያው ከባድ አይደለም። አልጋ ስትይዙ አጎበር መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ የራሳችሁን አጣጥፋችሁ ያዙ፣ ከማሊያ ብዙም አይከብድም። ሲመሽ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ። ቆዳ ላይ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ከፋርማሲ ይገኛል። ከጨዋታ በኋላ ውጭ ተቀምጦ እስከ እኩለ ሌሊት መጫወት የድሬ ትልቁ ደስታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተቀቡና ተቀመጡ! በአፍ የሚወሰደው የወባ መከላከያ ኪኒን ለሁሉም የግድ ነው አልልም። ብዙ ቀን የምትቆዩ ግን ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሐኪም አማክሩ። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ጣፊያችሁ በቀዶ ሕክምና የወጣ ከሆነ ወይም ትንሽ ልጅ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ሳታማክሩ አትሂዱ። ዶክሲሳይክሊንን ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ አይሆንም፤ ለእርጉዝና ለትንሽ ልጅ አይሰጥም፣ ደግሞ ከተመለሳችሁ በኋላም ለ4 ሳምንት መቀጠል አለበት።

ስለ መንገዱ ጥቂት ልበል። ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጨዋታ በኋላ ሌሊቱን ተነድቶ ንጋት ላይ አዲስ አበባ መግባት የሚል ዕቅድ ከቀረበ እኔ ብሩን ጨምሬ አድራለሁ። ተሳፋሪው አውቶቡስ ውስጥ ይተኛል፤ ሹፌሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከእናንተ ጋር ሲጨፍር ከዋለ ሌሊት መሪ መያዝ የለበትም። ምርቃና እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም፤ ሲለቅ ድንገት ነው። እናንተም ቀኑን በጫት ውላችሁ ማታ ጨብሲ ከሆነ፣ በዚያ ሙቀት ላይ ልብና የደም ግፊት ምን እንደሚሆኑ አስቡት።

ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ አባቶች (በየጨዋታው የማያችሁ አላችሁ!) መድኃኒታችሁን ከታች ዕቃ መጫኛ ውስጥ አትክተቱት፣ ከእናንተ ጋር ይሁን፤ የሁለት ቀን ትርፍም ጨምሩ። ኢንሱሊን ፀሐይ ላይ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ከተረሳ ይበላሻል፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ይያዝ፣ በረዶ ግን በቀጥታ አይንካው። ግፊቱ በቅርቡ ያልተለካ ሰው ሳይሄድ ይለካ። ይህ ዝም ብሎ ማስፈራሪያ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ ወቅት ሙኒክ አካባቢ በተደረገ ጥናት ጀርመን በምትጫወትባቸው ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም ከ2 እጥፍ ተኩል በላይ ጨምሮ ታይቷል፤ በብዛት የታየውም ጨዋታው በተጀመረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብ ጋር ከሆነ ቡድናችሁ እየመራ ቢሆንም ተነሱና እርዳታ ጠይቁ።

ለሙቀቱ ውሃ ከጠዋት ጀምሮ፣ ኮፍያ፣ ከተቻለ ጥላ ያለበት መቀመጫ። ሁለት ሦስት ፓኬት ኦአርኤስ ኪሳችሁ ውስጥ አይጠፋ፤ ተቅማጥ ቢመጣም ያው እሱ ነው። ጓደኛችሁ በሙቀት መሃል መቀባጠር ከጀመረ ወይም ከወደቀ ሙቀት መትቶት ሊሆን ይችላል። ወደ ጥላ አውጡት፣ ልብሱን አቅልሉ፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፣ ወደ ሆስፒታል አድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አትስጡ።

እንግዳ ደጋፊ በር አያውቅም። እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2022 ያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም በር ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 8 ሰዎች ሞተዋል። በእንዲህ ያለ ግፊያ ብዙ ጊዜ የሚገድለው መረገጡ ሳይሆን ደረት ተጨምቆ መተንፈስ አለመቻል ነው። ቀደም ብላችሁ ግቡ። ከተጨናነቀ ሁለት እጃችሁን ደረታችሁ ፊት እንደ ቦክሰኛ ያዙ፣ ግፊቱን አትጋፉት፣ በጎን በጎን ውጡ። ስልክ ቢወድቅ ይቅር፣ አታጎንብሱ።

አንድ ሥራ ልስጣችሁና ልጨርስ። ግሩፓችሁ ውስጥ አንድ ሰው ምረጡ፤ ሒሳብ ያዡ ቢሆን ጥሩ ነው፣ የሁሉንም ስልክ ይዟል። ከተመለሳችሁ በ10ኛው ቀንና በ20ኛው ቀን «ከድሬ ጉዞ በኋላ ያተኮሰው ሰው አለ?» ብሎ ይጻፍ። «እኔ» የሚል ከተገኘ በዚያው ሰዓት አንድ ሰው አብሮት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ማታ ማታ እመልሳለሁ፣ የኛ ጨዋታ ካለበት ቀን በስተቀር።