ሽንፈትን ፍለጋ የተላኩ ልጆች

እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የጠረጴዛ ቴኒስ ሻምፒዮና በጃፓኗ ኦሳካ ተካሄደ። አስተናጋጇ አገር በወንዶች የቡድን ውድድር 13ኛ ሆና ጨረሰች። 13ኛ መውጣት ለብዙ አገር ደስታ ነው፤ ለጃፓን ግን በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ሕዝቧ ፊት የደረሰባት ውርደት ነበር። ከ1954 እስከ 1959 በተካሄዱት አምስት ተከታታይ ሻምፒዮናዎች የወንዶቹን የቡድን ዋንጫ ለማንም አላስነካችም ነበርና።

በሐምሌ 2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ጁን ሚዙታኒና ሚማ ኢቶ በድብልቅ ጥንድ ቻይናን አሸንፈው ወርቅ አጠለቁ። ጃፓን በጠረጴዛ ቴኒስ ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ይኸው ነው። ከውርደቱ እስከ ወርቁ 20 ዓመት አለፈ። አንድ ስፖርት የወደቀበት አገር መመለሻውን ሲፈልግ ስለ ገንዘብ፣ ስለ አዳራሽና ስለ አሠልጣኝ ያወራል። ሁሉም ያስፈልጋሉ። የጃፓንን ታሪክ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ከሁሉም የቀደመው ሌላ ነገር ነው፤ ልጆቿን በየቀኑ ወደሚሸነፉበት ቦታ ለመላክ መድፈሯ።

ክብሩ የጀመረው በ1952 ቦምቤይ ላይ ነው። ሂሮጂ ሳቶ የተባለ ባለመነጽር ጃፓናዊ ወፍራም ስፖንጅ የተለጠፈበት ራኬት ይዞ መጣና የዓለም ሻምፒዮንነቱን ወስዶ ሄደ። እስከዚያ ድረስ የዚህ ጨዋታ ጌቶች አውሮፓውያን፣ በተለይም ሀንጋሪዎች ነበሩ። የለመዱት ራኬት ኳሷን ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ተጫዋቹ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ነበር የሚጫወተው። የሳቶ ስፖንጅ ያን ድምፅ ዋጠው። ኳሷ ምን ያህል እንደተመታች ሳይለዩ ታልፋቸው ጀመር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኢቺሮ ኦጊሙራ ለንደን ላይ የነጠላውን ዋንጫ አነሡ፤ በ1956ም ደገሙት። ከጦርነት ፍርስራሽ ገና ላልወጣ ሕዝብ እነዚህ ድሎች ከስፖርት በላይ ነበሩ።

የዚያ ዘመን ጃፓናውያን ራኬቱን እንደ እስክርቢቶ ይይዙና ጠረጴዛውን በሙሉ በአንድ ወገን፣ በፎርሃንድ ብቻ ይሸፍኑ ነበር። ኳሷ ወደ ግራ ጥጋቸው ብትመጣ በባክሃንድ መመለስ አይወዱም፤ ሮጠው ዞረው በዚያው ቀኝ ምታቸው ያሳርፏታል። ለማየት የሚያስደንቅ፣ ለመጫወት ግን የብረት እግር የሚጠይቅ ስልት ነው። ጠረጴዛው 2.74 ሜትር ርዝመትና 1.525 ሜትር ስፋት አለው፤ በዚህ ስፋት ላይ ወዲህ ወዲያ መሮጥ የሚቻለው ኳሷ እግርን እስከጠበቀች ድረስ ነው። ጎማው እየፈጠነ፣ የኳሷ ሽክርክሪት እየበረታ ሲሄድና አውሮፓውያን እጅ እንደመጨባበጥ በሚያዝ ራኬት ከግራም ከቀኝም እኩል መምታት ሲማሩ፣ ኳሷ ከጃፓናዊው እግር ቀድማ ግራ ጥግ መድረስ ጀመረች። ሴይጂ ኦኖ በ1979 ፒዮንግያንግ ላይ የወንዶች ነጠላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከእሱ በኋላ ያንን ዋንጫ ያነሣ ጃፓናዊ የለም።

የሚቆጨው ደግሞ ጃፓን ለሌሎች መምህር የነበረች መሆኗ ነው። ኦጊሙራ ገና ተጫዋች ሳሉ ስዊድን ሄደው ወጣቶችን አሠልጥነዋል። በእሳቸው መንገድ የተቀረጸው የስዊድን ትምህርት ቤት ስቴላን ቤንግትሶንን አወጣ፤ ልጁ ጃፓን ድረስ ሄዶ ከጃፓናውያን ጋር ላቡን አፈሰሰና በ1971 እዚያው ናጎያ ላይ፣ በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስዊድናውያን የጃፓኖቹን የእግር ሥራና ትጋት ወሰዱ፤ የራሳቸውን ሁለት ወገን ምት ጨመሩበት። በ1989 ዶርትሙንድ ላይ ቻይናን በቡድን ፍጻሜ 5 ለ 0 አደባይተው የዓለምን ዋንጫ ወሰዱ። ያስተማረችው ጃፓን ያኔ በፍጻሜው አካባቢም አልነበረችም።

ያ 5 ለ 0 ቻይናንም አስደንግጧታል። በ1991 በጃፓኗ ቺባ የቻይና ወንዶች ቡድን 7ኛ ወጣ። በ1995 ግን ቲያንጂን ላይ፣ በሕዝባቸው ፊት፣ ስዊድንን በፍጻሜ 3 ለ 2 አሸንፈው የዚያን ሻምፒዮና ሰባቱንም ዋንጫዎች ጠቅልለው ወሰዱ። ቻይና ስትወድቅ ያደረገችው ግልጽ ነው። የተቃዋሚዎቿን አጨዋወት አስመስለው የሚጫወቱ የልምምድ አጋሮችን ለዋና ተጫዋቾቿ መደበች። እስክርቢቶ አያያዙንም ሳትጥለው አሻሻለችው፤ ጎማ በራኬቱ ጀርባም ተለጥፎ በዚያኛው ፊት መምታት ተጀመረ። ሊዩ ጉዎሊያንግ በዚህ ስልት የዓለምና የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነ። እርግጥ ነው፣ ከሕፃንነት ጀምሮ በመንግሥት የስፖርት ትምህርት ቤት የሚያድግ ያን የሚያህል ሕዝብ ያላት አገር የምታደርገውን ሌላው ልኮርጅ ቢል ወገቡ ይቆረጣል። ሀንጋሪም በ1979 የወንዶችን የቡድን ዋንጫ ወስዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ከፍታ አልተመለሰችም። የወደቀ ሁሉ ይነሣል የሚል ሕግ የለም።

ጃፓን ውስጥ ችግሩ የሰው እጥረት አልነበረም። በየትምህርት ቤቱ የጠረጴዛ ቴኒስ ክለብ አለ፤ ከክፍል በኋላ የሚለማመዱት ተማሪዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ነገር ግን አብዛኛው ልጅ ራኬት የሚይዘው ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ፣ 12 ወይም 13 ዓመት ሲሞላው ነበር። በዚያ ዕድሜ የቻይናው ልጅ ስድስትና ሰባት ዓመት ሠልጥኗል። የትምህርት ቤቱም አሠልጣኝ የሚመዘነው ለትምህርት ቤቱ በሚያመጣው ዋንጫ ነው፤ በዓለም መድረክ የሚያዋጣ ግን ለመልመድ ዓመታት የሚፈጅ ስልት ለማስተማር ምን ያስጨንቀዋል? በዚያ ላይ በ1980ዎቹ ጨዋታው በቴሌቪዥን ሳይቀር የጨለምተኞች መዝናኛ እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ልጅ በሚያፍርበት ስፖርት ሻምፒዮን አይወጣም።

ከኦሳካ በኋላ የወንዶቹን ብሔራዊ ቡድን የያዙት ዮሺሂቶ ሚያዛኪ ራሳቸው በ1988 ሴኡል ላይ የተጫወቱ ኦሊምፒያን ናቸው። ፌዴሬሽኑ በእሳቸው ዘመን ዓይኑን ከአዋቂዎቹ ላይ አንሥቶ ወደ ታች አወረደ። ከ12 ዓመት በታች የሆነ ብሔራዊ ቡድን አቋቋመ። ከየክፍለ አገሩ የተመረጡ ሕፃናት ካምፕ ሲጠሩ ወላጆቻቸውና የሠፈር አሠልጣኞቻቸውም አብረው ይመጡ ነበር። እኔ ከጠቅላላው ዕቅድ ብልህ የምለው ይህንን ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሁለት ሦስት ቀን ካምፕ ቢውል የሚለወጥ ነገር የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ኳስ የሚመግበው አባቱ ወይም እናቱ ናቸውና። ፌዴሬሽኑ ልጁን ከወላጁ ለመንጠቅ አልሞከረም፤ ወላጁን አብሮ አሠለጠነው።

ሌላው እርምጃ ደፋርም፣ አስጨናቂም ነበር። ሴያ ኪሺካዋና ጁን ሚዙታኒን የመሳሰሉ ታዳጊዎች ጀርመን ተላኩ። ሚዙታኒ ሲሄድ ገና 14 ዓመቱ ነበር። ቋንቋ አያውቅም፤ ምግቡም ቅዝቃዜውም ባዕድ ነው። ማሪዮ አሚዚች በተባሉ ክሮሺያዊ አሠልጣኝ ሥር፣ በጀርመን ሊግ ከሚጫወቱ ጎልማሶች ጋር ጠዋትና ማታ እንዲለማመድ ተደረገ። ጃፓን ውስጥ ቢቀር ኖሮ በዕድሜ እኩዮቹን እያሸነፈ፣ እየተጨበጨበለት ያድግ ነበር። ጀርመን ግን ሁሉም ይበልጠዋል። ረጃጅሞቹ አውሮፓውያን ከጠረጴዛው ሁለትና ሦስት ሜትር ርቀው ከባድ ሽክርክሪት ያላት ኳስ ይልኩበታል፤ የጃፓኑ የትምህርት ቤት ምት ለዚያ መልስ የለውም። ሚዙታኒ መልሱን እዚያው እየተሸነፈ ፈለገው፤ ኋላ ላይ ዓለም ያወቀለት ከሩቅ ሆኖ ኳስ የማዳን ችሎታ የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው። በ2007 በ17 ዓመቱ የጃፓን ሻምፒዮን ሆነ፤ ያንን ዋንጫም ጫማውን እስኪሰቅል 10 ጊዜ አንሥቶታል።

አዳራሹ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ2008 ቶኪዮ ውስጥ የብሔራዊ ማሠልጠኛ ማዕከሉ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የኦሊምፒክ ኮሚቴው አካዳሚ በጠረጴዛ ቴኒስና በትግል ሥራ ጀመረ። ልጆቹ ማዕከሉ ውስጥ ያድራሉ፣ ቀን በአካባቢው ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ ቀሪው ጊዜያቸው የራኬቱ ነው። ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል። ሕንፃ ቀድሞ ቢሠራ ኖሮ ያንኑ አሮጌ አጨዋወት በአዲስ ወለል ላይ ማስተማር ይሆን ነበር። ሴቶቹ ደግሞ የራሳቸውን መንገድ ይዘው ነበር። በሕፃንነቷ ስትሸነፍ እያለቀሰች የመላውን አገር ልብ በቴሌቪዥን የገዛችው አይ ፉኩሃራ ቻይና ድረስ ሄዳ በቻይና ሊግ ተጫወተች። በ2012 ለንደን ላይ እሷ፣ ካሱሚ ኢሺካዋና ሳያካ ሂራኖ በቡድን ብር አገኙ፤ ለጃፓን ጠረጴዛ ቴኒስ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳልያ ነበር። በ2016 ሪዮ ላይ ሚዙታኒ በነጠላ ነሐስ፣ ወንዶቹ በቡድን ብር ጨመሩ።

ወደ ወርቁ እንመለስ። ሚዙታኒና ኢቶ የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው፤ ሺዙኦካ ውስጥ ያለችው ኢዋታ። ኢቶ በልጅነቷ የተለማመደችበትን የሠፈር ክለብ ይመሩ የነበሩት የሚዙታኒ ወላጆች ናቸው። የ11 ዓመት ታላቋ ነው። ቶኪዮ ላይ ከቻይና ጋር ከመድረሳቸው በፊት በሩብ ፍጻሜ ጀርመናውያኑ ፓትሪክ ፍራንሲስካና ፔትሪሳ ሶልያ ገጠሟቸው። ሦስት ለሦስት ሆኑ፤ በመጨረሻው ጨዋታ ጀርመን 9 ለ 2 ትመራ ነበር። ጀርመን ሁለት ነጥብ ብቻ ቀርቷታል። ከዚያ ነጥብ በነጥብ ተጠጉ፤ ጀርመኖቹ ጨዋታውን የሚጨርሱበትን ዕድል ሰባት ጊዜ አገኙ፣ ሰባቱንም ጊዜ ከለከሏቸው። 16 ለ 14 ጃፓን አለፈች። በፍጻሜው ሹ ሺንና ሊዩ ሺዌን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ወሰዱ። ኢቶ በባክሃንዷ በኩል የምትጠቀመው አጫጭር ጉጥ ያለው ጎማ ኳሷን ዝቅ አድርጎ ያለ ሽክርክሪት ስለሚልካት ቻይናውያኑ ቀስ በቀስ ተዘበራረቁ። በሰባተኛው ጨዋታ ጃፓን 8 ለ 0 መራች፤ 11 ለ 6 ጨረሰች።

ይህ ሁሉ የተገኘው ቻይናን በመኮረጅ አይደለም። ኢቶ የቻይና አካዳሚ የማይቀርጻት ዓይነት ተጫዋች ናት፤ እናቷ ቤት ውስጥ ያሳደጓት፣ ቻይናዊት ተቃዋሚ በልምምድ የማታገኘው ስልት ያላት። ሳቶም በ1952 ያሸነፈው ማንም ያልጠበቀውን ራኬት ይዞ ነው።

ቻይናም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ሚዩ ሂራኖ በቻይና ሊግ ተጫውታ በ2017 ዉሺ ላይ፣ በ17 ዓመቷ ዲንግ ኒንግን፣ ዡ ዩሊንግንና ቼን ሜንግን ተራ በተራ ጥላ የእስያ ሻምፒዮን ስትሆን፣ ቻይና በዚያው ዓመት የሊጓን በር ለውጭ ተጫዋቾች ዘጋች። ጃፓን በ2018 የራሷን ቲ ሊግ ጀመረች። ሲጀመር መሪው የነበሩት ኮጂ ማትሱሺታ ከብዙ ዓመት በፊት በጀርመን ሊግ በፕሮፌሽናልነት የተጫወቱ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ናቸው። መሸነፊያ ቦታው ሲዘጋ ቦታውን አገር ውስጥ መሥራት አማራጭ የሌለው ነገር ሆነ።

ፓሪስ 2024 ግን ጃፓንን ያለ ወርቅ ሸኘቻት። በሴቶች ቡድን ብር፣ በሂና ሃያታ የነጠላ ነሐስ። ወንዶቹ በግማሽ ፍጻሜ ስዊድንን 2 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው 3 ለ 2 ተሸነፉ፤ ለነሐስም ፈረንሳይ በዚያው ውጤት ቀደመቻቸው። ቶሞካዙ ሃሪሞቶ በነጠላ ሩብ ፍጻሜ ፋን ዠንዶንግን 2 ለ 0 መርቶ 4 ለ 3 ተረታ። የወርቁ ባለቤት ኢቶ ደግሞ ከነአካቴው አልተመረጠችም። የፓሪስ ተጫዋቾች የተለዩት በነጥብ ነው፤ ከነጥቡ ትልቁ ክፍል የሚገኘው በአገር ውስጥ በተዘጋጁ የመምረጫ ውድድሮች ነበር። ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ አድልዎ የሚባለውንም ሐሜት ያስቀራል። በእኔ እምነት ግን ጃፓን ከኦሳካ በኋላ ያወቀችውን አስረስቷታል። ምርጦቿ ከቻይናና ከአውሮፓ ተጫዋቾች ይልቅ እርስ በርስ ለመጠላለፍ እንዲዘጋጁ አስገድዷቸዋል። ጃፓናዊን ጃፓን ውስጥ ማሸነፍ የሚችለው ሁሉ ፋን ዠንዶንግ ፊት ይቆማል ማለት አይደለም።

በ2025 ዶሃ ላይ ሂሮቶ ሺኖዙካና ሹንሱኬ ቶጋሚ የወንዶች ጥንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ በዚህ ዘርፍ ለጃፓን ከ1961 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የኦኖ የነጠላ ዋንጫ ግን እስከዚያ ሻምፒዮና ድረስ አልተመለሰም። ጃፓን ለስምንት፣ ለ10 እና ለ12 ዓመት ልጆች ለየብቻ የምታካሂዳቸው ብሔራዊ ሻምፒዮናዎች እንደቀጠሉ ናቸው። ለቀጣዩ ኦሊምፒክ መምረጫው ሲወጣ በውጭ አገር ውድድር ላይ የሚገኝ ነጥብ በግልጽ ሊበልጥ፣ ታዳጊዎቹም እንደ ሚዙታኒ በአውሮፓ ሊጎች ዓመታት እንዲቆዩ ፌዴሬሽኑ ወጪያቸውን ሊሸፍን ይገባል። ለዚህ የሚሆኑ ልጆች አሉት።