ለእንግዳ ብቻ ያልሆነ ቤት

ብዙዎቻችን ያደግነው ቡፌ ባለበት ቤት ነው። መስታወቱ ተወልውሎ፣ ውስጡ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ብርጭቆ፣ አበባ ያለበት ሰሃን፣ የሻይ ስኒ ከነማስቀመጫው ተደርድሮ፣ ቁልፉ ደግሞ እናት ቦርሳ ውስጥ። ልጆቹ በላስቲክ ኩባያ እየጠጡ ያድጋሉ፤ ቡፌው ለፋሲካ፣ ለእንግዳ፣ ለሽማግሌ ይጠበቃል። እናቶቻችን ያንን ዕቃ ስንት ወር ዕቁብ ጥለው እንደገዙት ስለማውቅ ቢሳሱለት አይገርመኝም። እኔ ግን የራሴን ጎጆ ስይዝ የወሰንኩት ሌላ ነው፤ ቆንጆ ዕቃ መጀመሪያ የሚገባው በየቀኑ ቤቱ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ነው። ማክሰኞ ማታ ሽሮ የሚበላ ቤተሰብም በጥሩ ሰሃን ይብላ፣ በጥሩ ስኒ ይጠጣ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ከዚህ ስለሚነሳ አኗኗር ነው። ሥዕል ማየት፣ ቤት ማስዋብ፣ ምግብ መሥራት፣ ቅዳሜ ወጣ ማለት ለየብቻቸው የቆሙ ነገሮች አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ይመግባል። ቤት ማስዋብ ሲነሳ ብዙ ሰው ወደ ሱቅ ይሮጣል። እኔ የምለው ሱቁ ይቆይ፣ ዐይን ይቅደም ነው። ዐይኑ ቀለም ያልለመደ ሰው ብዙ ብር ያወጣል፣ ቤቱም በዕቃ ይሞላል፣ ውበቱ ግን አይመጣም። ዐይኑ የለመደ ሰው ግን በአንድ ነጠላና በሁለት ማሰሮ ሳሎን ይለውጣል።

አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ዐይን የሚለምድበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ከአምስት ኪሎ ተነስቶ በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ የሚደርሰው መንገድ ብቻውን ስንት ቅዳሜ ይበቃል! አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እዚሁ አካባቢ ነው። የትምህርት ዘመኑ ሲገባደድ ተመራቂዎቹ ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ፤ ስትሰሙ አያምልጣችሁ። ገና ስም ያላወጣ ወጣት ሠዓሊ ሥራው አጠገብ ቆሞ ለምን ያን ቀለም እንደመረጠ ሲያስረዳችሁ ከብዙ መጽሐፍ የማይገኝ ነገር ትሰማላችሁ።

ከዚያ ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 ሐውልት አጠገብ፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ሥዕል ተምሮ፣ አገሩ ተመልሶ ያስተማረ ሠዓሊና ገጣሚ ነበር፤ በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ አረፈ። ረቂቅ ሥዕሎቹ ፊት የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ «ምንድን ነው ይሄ?» ይልና ያልፋል። ጥያቄው ባይከፋም ለቤታችን የሚጠቅመን ሌላ ጥያቄ ነው፤ «የትኛው ቀለም ከየትኛው ጎን ተቀመጠ? ለምን ይህን ያህል ብቻ?» ሙዚየሙን በሙሉ ለማዳረስ አትሩጡ። አንድ ሥዕል ምረጡና ፊቱ ቆዩ። ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ጥቂት ስትቆዩ መጀመሪያ ጥቁር የመሰላችሁ ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ቀዩ ደግሞ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ይገለጥላችኋል። ቤት ተመልሳችሁ መጋረጃችሁን ስታዩ ይህ ልምድ አብሯችሁ ይመለሳል።

እዚያው ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው፣ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙ የሚገኙበት ነው። እዚያ የምታዩት አብዛኛው ነገር የቤት ዕቃ ነው። መሶብ፣ ሙዳይ፣ ገንቦ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ በርጩማ። አንዱም ለቡፌ አልተሠራም። ቅቤ ተቀምጦበታል፣ ውሃ ተቀድቶበታል፣ ሰው ተቀምጦበታል። አያቶቻችን ጌጥንና መገልገያን አልለዩም ነበር፤ አለላው የተሰፋው እንጀራ ለሚቀርብበት መሶብ ነው።

ሽሮ ሜዳ ግን የልቤ ቦታ ነው። ብዙ ሰው የሚሄደው ለበዓል ልብስ ነው፤ ዋጋ ተከራክሮ፣ ገዝቶ ይመለሳል። እኔ ሳልገዛም እሄዳለሁ። ከሱቆቹ ጀርባ፣ ሸማኔዎቹ የሚሠሩበት ስፍራ ድረስ ግቡ። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ፣ ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ ናቸው። ሸማኔው ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከግራ ቀኝ ይመላለሳል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ግን ሁሉም ነገር ይዘገያል። ጣቶቹ ድሩን ጥቂት ጥቂት እየለዩ ያነሳሉ፣ ባለ ቀለሙ ክር በመሀል ይገባል፣ እንደገና ይረገጣል። ንድፍ የተሣለበት ወረቀት ፊቱ የለም፤ ቁጥሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው።

«አባባ፣ ይሄን ጥለት ለመጨረስ ስንት ቀን ይፈጃል?» ብዬ አንድ አዛውንት ሸማኔ ጠየቅኩ።

«እንደ ጥለቱ ነዋ ልጄ። ቀለም ስትጨምሪ ቀን ትጨምሪያለሽ።»

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ጥለት ላይ ያለውን ቀለም ሁሉ በሌላ ዐይን ነው የማየው። አንድ አረንጓዴ መስመር የአንድ ሰው ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል። ስትገዙም ጀርባውን ገልብጡ፤ በእጅ የተሠራ ጥለት ከልብሱ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው፣ በማሽን የተጠለፈው ግን ጀርባው ላይ የጥልፉን ክር ያሳያችኋል። ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው፣ ዋጋቸው ግን አንድ መሆን የለበትም።

የሽሮ ሜዳን ነገር ቤት ያመጣሁት እንዲህ ነው። ያረጀ ነጠላ መሀሉ ቢሳሳም ጥለቱ አይሞትም። ጥለቱን ቆርጬ ፍሬም ቤት ወሰድኩና ከመስታወት ሥር አስገባሁት፤ ከገበያ ከሚገዛው የተራራና የፏፏቴ ፖስተር በብዙ እጥፍ ያምራል። የተረፈው ስስ ጨርቅ መስኮት ላይ ወጣ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ የፊት ለፊቱ ብሎክ ሳሎናችሁ ድረስ ያያል። ወፍራም መጋረጃ ስትጋርዱ ቤቱ ይጨልማል። ነጠላ ግን ዐይን ይከለክላል፣ ብርሃን ያስገባል፤ የጠዋቱ ፀሐይ በጥጡ ውስጥ አልፎ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ለስለስ ይላል። የብርሃንን ነገር ካነሳሁ አፍሪካ አዳራሽን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ ውስጥ አፈወርቅ ተክሌ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው የሠሯቸው ባለ ቀለም መስታወቶች አሉ፤ ስፋታቸው 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። ብርሃን በቀለም ውስጥ ሲያልፍ አንድን ክፍል ምን እንደሚያደርገው እዚያ በትልቁ ይታያል፤ ቤት ደግሞ በአንዲት የመስኮት መደብ ላይ በተቀመጠ አረንጓዴ ጠርሙስ መጀመር ይቻላል።

አከራይ ሚስማር አይወድም፤ ይህም ይታወቃል። ግድግዳ መብሳት ካልተቻለ ፍሬሙን መደርደሪያ ላይ ማስደገፍ ይበቃል። ግድግዳ መብሳት ከተቻለ ግን የሐረሪን ቤት አስቡ። በጁገል ቤቶች ውስጥ ግድግዳው በስፌትና በሰሃን ይሸፈናል፣ መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፣ የሴቶቹ የእጅ ሥራ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ይይዘዋል። ስፌቱ ሲያስፈልግ ወርዶ ያገለግላል፣ ሲያበቃ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔም ሰፌዱን ከማድ ቤት አውጥቼ ሳሎን አንጠልጥዬዋለሁ፤ ምስር ማበጠር ሲያስፈልገኝ አወርደዋለሁ።

መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ያላያችሁ ካላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የሠሩት፣ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተ ነው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ልክ ገጠር ያለ ዘመዳችን ቤት የተመረገበት። ልዩነቱ ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ እጅ ተጫውቶበታል፤ ሞገድ የሚመስል፣ ሥር የሚመስል ቅርፅ ወጥቶበታል። ስትነኩት ይሻክራል፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጥላው ይንቀሳቀሳል። «የጭቃ ቤት» ስንል ከድህነት ጋር የምናያይዘውን ነገር እዚያ ቆሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ኤልያስ ዓለም ያወቀለትን ሥራውን የሚሠራው በተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና በኮምፒውተር ዕቃ፣ ቀደም ሲልም በቁልፍና በክር ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ የሚገኘው መርካቶ ሚናለሽ ተራ ነው። ሚናለሽ ተራ ለቤት ዕቃም ሁነኛ ቦታ ነው፤ ከአሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ ማንደጃና ባልዲ አሁንም በእጅ ይሠራል። እኔ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አጥቤ፣ ሥሩን በሚስማር በስቼ፣ በረንዳ ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ተክዬበታለሁ። ጤና አዳሟ ለቡና ትበቃናለች።

አሁን ወደ ማድ ቤት። ቀለም በደንብ የተማርኩት ከበያይነቱ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ረቡዕና ዓርብ የምንበላው ይህ ምግብ ቀለሙ ከተበላሸ ጣዕሙም አብሮ የተበላሸ ነው፤ ሁለቱ አይለያዩም። ለምስሩ ቀይ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ በትንሽ እሳት፣ ውሃውን እስኪመጥ አቁላላዋለሁ። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ወዲያው ጠብ ጠብ እያለ ውሃ። በርበሬው ለቅጽበት ደረቅ ብረት ካገኘ ያርራል፤ ሲያርር ይጠቁራል፣ ሲጠቁር ይመራል። በትዕግሥት ከተቁላላ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣና ቀዩ ያበራል። አልጫው ተቃራኒው ነው፤ ሽንኩርቱ ፈጽሞ መቅላት የለበትም፣ እርዱም ልክ ይፈልጋል፤ ሲበዛ ቢጫው ይደምቃል ጣዕሙ ግን አፈር አፈር ይላል። ጎመኑን በፈላ ውሃ ክዳን ሳትደፉ ለአጭር ጊዜ ቀቅላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አሳልፉት፤ አረንጓዴው ይቆያል። ቀይ ስር የነካውን ሁሉ ስለሚያቀላ ለብቻው ይቆይ፤ ከድንቹ ጋር የሚገናኘው ማዕዱ ሊቀርብ ሲል ነው።

ሲቀርብም እጃችሁን አታጣድፉ። ሽሮው መሀል፤ ቀዩ ምስር ከአልጫው ጎን፤ ጎመኑ በሁለቱ ተቃራኒ፤ ቀይ ስሩ ጠርዝ ላይ በትንሹ፣ ምክንያቱም ከበዛ ዐይን ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። በየመሀሉ እንጀራው ይታይ። ነጭ ጤፍ ላይ ሁሉም ቀለም ይጎላል፤ ሰርገኛ ጤፍ ላይ ግን ቢጫውና አረንጓዴው በተለየ ሁኔታ ያምራሉ፣ ለእኔ ሰርገኛው ይበልጣል። ገብረ ክርስቶስ ሙዚየም ውስጥ «ለምን ይህን ያህል ብቻ?» ብላችሁ የጠየቃችሁት ጥያቄ ትሪው ላይ የሚመለሰው እንዲህ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ልጨምር። እንቁጣጣሽ ጠዋት ወንዶች ልጆች በር እያንኳኩ ሥዕል የሚሰጡበት ልማድ አለን። በእርሳስ ከለር የተቀባ አደይ አበባ፣ ሰይፍ የያዘ መልአክ፣ የምትስቅ ፀሐይ፤ ከላይ «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ» የሚል ጽሑፍ፣ ፊደሉ መጨረሻ ላይ ቦታ አልበቃ ብሎት የተጨናነቀ። በየዓመቱ መላው ሰፈር የሥዕል ስጦታ የሚቀበልበት ቀን ያለው ሕዝብ ነን። አሁን አሁን ግን ልጆቹ ይዘው የሚመጡት ፎቶ ኮፒ እየሆነ ነው፤ አንዱ የሣለው በመቶ ይባዛል፣ ቀለም ብቻ ይነካካል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ነጭና ጥቁሩን ይሰጣል። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። እኛ ትልልቆቹ ሥዕሉን ተቀብለን ሳናየው ጠረጴዛ ላይ ጥለን ሳንቲም ብቻ ስንሰጥ፣ በእጅ የመሣልን ዋጋ ማን ይነግራቸዋል?

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው ይህን ነው። ነሐሴ ሳይገባ ለቤታችሁና ለጎረቤት ልጆች ወፈር ያለ ነጭ ወረቀትና ከለር ግዙላቸው። የበዓሉ ዕለት በእጁ የሣለውን ልጅ አቁማችሁ «መልአኩን ለምን ሰማያዊ አደረግከው?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ከፎቶ ኮፒውም ከፍ አድርጋችሁ ስጡት። ሥዕሉን ደግሞ ሳሎን፣ ሰው በሚያየው ቦታ፣ ለዓመት ስቀሉት።