የፍሬን መብራት አልጠፋ ሲል

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ሸቀጥ የሚልክ፣ ከጎጃምም እህል የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ሳለ ቀዩ የፍሬን መብራት በክሩስኮቱ ላይ ቦግ የሚልበት ሾፌር የሚያድርበትን ሥጋት መገመት አያዳግትም። ነገሩ በእኛም ላይ ደርሶ ስለ ነበር፣ መኪና ላላቸው ነጋዴዎችና መለዋወጫ ለሚሸጡ ባለሱቆች ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት ያየሁትን እጽፋለሁ።

አስቀድሜ ለማስታወቅ ያህል፣ እኔ የሞተር ባለሙያ አይደለሁም። የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬም የመኪናውን ወጪ በመዝገብ ማስፈርና የጋራዡን ደረሰኝ ማስቀመጥ ነው። ይሁን እንጂ ደረሰኝም ለሚያነበው ሰው ብዙ ነገር ይናገራል።

መኪናችን በ1984 እ.ኤ.አ. መሠራት ከጀመረው፣ 70 እየተባለ ከሚጠራው የላንድክሩዘር ዓይነት የሆነ፣ በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ ፒክአፕ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና በባለቤቱ ዘንድ ከቀድሞው ይልቅ ተጠብቆ የሚያዝ ሀብት ሆኗል። መብራቱ በመጀመሪያ በበራ ጊዜ ሾፌራችን የፍሬን ዘይት ጨመረበት፤ አልጠፋም። ጋራዥ ገብቶ ማስተሩ ተለወጠ፤ ከሁለት ቀን በኋላ እንደ ገና በራ። ቀጥሎም የፊቱ ሸራ ተለወጠ፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ሠራተኛ «ፍሬኑ ደኅና ይይዛል፤ የአምፖሉን ሽቦ ልንቀለውና ይረፉ» ቢላቸው ጌታዬ ተቆጡ። «ሌባ መጣ ብሎ የጮኸ ዘበኛ ይታሰራል ወይ?» አሉት።

ነገሩ የተገለጠው ሾፌራችን በተናገረው አንድ ቃል ነው። «መብራቱ የሚበራው ሁልጊዜ አይደለም፤ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜ ስረግጥ ነው። ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል» አለ። ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ፍሬን ሲረገጥ ለሾፌሩ እግር ጉልበት የሚጨምረው ሰርቮ የሚባለው ክብ ዕቃ ነው። በአንድ ወገኑ ያለው አየር ተመጥጦ ሲወጣ፣ በሌላው ወገን የሚገባው የውጭ አየር ይገፋዋል። የቤንዚን ሞተር አየሩን ራሱ ይመጥጠዋል፤ የናፍጣ ሞተር ግን ለዚህ የሚበቃ መምጠጥ ስለሌለው ለብቻው ፓምፕ ተሠርቶለታል። ይኸውም ፓምፕ በብዙ አሮጌ የናፍጣ መኪናዎች ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ ይገኛል። የመምጠጡ ኃይል ሲደክም ያንኑ ቀይ መብራት የሚያበራ መቆጣጠሪያም አለ። በእኛ መኪና ከፓምፑ ወደ ሰርቮው የሚሄደው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ያስገባ ነበር። ቱቦው ተለወጠ፤ መብራቱም ጠፋ። የቱቦው ዋጋ ከማስተሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ያለ ጥፋቱ የተለወጠው ማስተር ግን ገንዘባችንን ይዞ ቀረ።

የአየር ነገር ከተነሣ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርቮ በደጋ የሚሰጠው ርዳታ በጅቡቲ ወደብ ከሚሰጠው ያንሳል፤ ጥቂት የደከመ ፓምፕም እዚህ ቶሎ ይታወቃል።

ሰርቮውን ለመፈተን መሣሪያ አያሻም። ሞተሩን አጥፍቶ መርገጫው እስኪጠና ድረስ ደጋግሞ መርገጥ፣ ከዚያም እግርን ሳያነሡ ሞተሩን ማስነሣት ነው። መርገጫው ጥቂት ዝቅ ቢል ሰርቮው ይሠራል፤ ንቅንቅ ካላለ ጥፋቱ በቱቦው፣ በፓምፑ ወይም በራሱ በሰርቮው ነው። ያለ ሰርቮ መኪናው ፍሬን ጨርሶ አያጣም፤ ነገር ግን መርገጫው ድንጋይ ይሆናል፤ ተጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ መኪናም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቀሩት ምክንያቶች ለማግኘት ቀለል ይላሉ። የእጅ ፍሬኑ ከሥሩ ትንሽ ማብሪያ አለው፤ እጀታው እስከ መጨረሻው ካልወረደ ወይም ማብሪያው ከቦታው ከተነቃነቀ መብራቱ ይበራል። በዘይቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ደግሞ ተንሳፋፊ አለ፤ ዘይቱ ሲጎድል አብሮ ወርዶ መብራቱን ያበራል። ዘይት ግን እንዲሁ አይጎድልም፤ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ ከማስተሩ ወይም ከጎማዎቹ ሲሊንደር ያፈስሳል። ምክንያቱን ሳይፈልጉ ዘይት ጨምሮ መብራቱን ማጥፋት ማስረጃውን መደበቅ ነው። የባትሪው መብራት አብሮ ሲበራ ደግሞ፣ በአሮጌ ቶዮታዎች ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዲናሞው እንጂ የፍሬኑ አይደለም። 12 ቮልት ባትሪ ያለው መኪና ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ጫፍ ላይ 14 ቮልት ግድም ሊለካ ይገባዋል።

ለባለሱቆች አንድ ነገር ልጨምር። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ሆኖ ይሠራል፤ 3.7 ከመቶ ያህል ውኃ ሲገባበት ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 ወሰን 230 ሲሆን፣ ውኃ ሲገባበት 155 ነው። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ግሎ ዘይቱ ሲፈላ፣ እንፋሎቱ ይታመቅና መርገጫው ሳይዝ ይሰምጣል። ለዚህ ጥፋት ቀዩ መብራት ላይበራ ይችላል! ስለዚህ ከተከፈተ ቆርቆሮ በጥቂት በጥቂቱ ቀድቶ መሸጥ ቢቀር፣ በምትኩም ታሽጎ የመጣ ትንንሽ ቆርቆሮ ቢቀርብ ይሻላል። የሞተር ዘይት በፍሬን ውስጥ የሚጨምር ሰው ከመጣም ጎሚኒውን ሁሉ እንደሚያሳብጠው ሊነገረው ይገባል።

በእኛ መኪና ውስጥ አሁን አንዲት ደብተር ተቀምጣለች። መብራቱ ሲበራ ሾፌራችን ሰዓቱን፣ ሞተሩ በዝግታ ወይም በፍጥነት ይሠራ እንደ ነበር፣ መንገዱ ዳገት ወይም ቁልቁለት መሆኑን፣ ሌላ መብራትም አብሮ በርቶ እንደ ሆነ ይጽፍባታል። ጋራዥ ሲገባ ከመፍቻው በፊት የምትቀርበው እሷ ናት።