አልነሣ ያለው ሰርቨር

በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠራው የሐረር ጀጎል ግንብ ከጥንት አምስት በሮች ነበሩት፤ በአሚሮቹም ዘመን በሮቹ ሲመሽ ይዘጉ ነበር። አምሽቶ የደረሰ መንገደኛ ከውጭ ቢያድር በሩ ተዘጋበት እንጂ ከተማዪቱ ጠፋች አላለም። ሊኑክስ ተጭኖበት አልነሣ ያለ ሰርቨርም እንደዚሁ ነው።

ሰርቨር ማለት በአንድ መሥሪያ ቤት ላሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ መዝገብ የሚያቀብል መኪና ነው። ሊኑክስ ደግሞ ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ተማሪ ሳለ የጀመረው፥ ማንም በነጻ ወስዶ የሚሠራበት ፕሮግራም ነው። ዋጋ አለመጠየቁ ለሐረር ትምህርት ቤትም ሆነ ለአነስተኛ መሥሪያ ቤት መልካም ነገር ነው። ነገር ግን መኪናው አልነሣ ሲል ባለሙያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ስለሚያስቸግር፥ ብዙ ሰው ቸኩሎ እንደ ገና ይጭናል። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ በጥንቃቄ ካልተመረጠ ዳግመኛው ጭነት ዲስኩን ጠርጎ፥ የተማሪውን ውጤትና የደመወዙን መዝገብ ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ አስቀድሞ መኪናው የቆመው ከየትኛው በር ላይ እንደ ሆነ እንመልከት።

የመጀመሪያው በር የመኪናው የራሱ መቀስቀሻ ነው። «የሚነሣበት ዲስክ አላገኘሁም» የሚል ጽሑፍ ከታየ፥ የዲስኮቹን ተራ መመርመር ይገባል። መቀስቀሻው ሁለት ዐይነት ነው፤ ባዮስ የተባለው አሮጌው የዲስኩን የመጀመሪያ ክፍል ያነባል፤ ዩኢኤፍአይ የተባለው አዲሱ ግን ለዚሁ ሥራ በተለየ ክፍል ውስጥ ፋይል ይፈልጋል። በአንዱ ተጭኖ በሌላው ቢነሣ አይገናኙም። አንዳንድ ጊዜም ማስነሻው የተጻፈው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በመጫኛው ዩኤስቢ ላይ ሆኖ ይገኛል፤ ዩኤስቢው ሲነቀል መኪናው ዝም ይላል።

ሁለተኛው በር ግረብ ይባላል። በጥቁር መስኮት ላይ «ግረብ ሬስኪዩ» የሚል ቃል ብቻ ከቀረ፥ በረኛው አለ፤ ነገር ግን ፋይሎቹ ያሉበት ጠፍቶበታል።

ሦስተኛው ከርነል ነው። ዋናውን ዲስክ መክፈት አልቻልኩም ብሎ ከቆመ፥ ብዙ ጊዜ የጐደለው ዲስኮቹን የሚያስተባብረው ካርድ ሾፌር ነው።

አራተኛው የዲስኮች ስም ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ የተጻፈ አንድ ዲስክ ከሌለ ሊኑክስ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይጠብቅና ወደ አደጋ ጊዜ መስኮት ይገባል። ይህ አንድ መስመር በማረም የሚድን በሽታ ነው።

ከአራቱ በየትኛውም ቢሆን መድኀኒቱ ተመሳሳይ ነው። መኪናውን በመጫኛው ዩኤስቢ አስነሥቶ፥ «ጫን» የሚለውን ትቶ «አድን» የሚለውን ወይም ያለ ጭነት መሞከሪያውን መምረጥ፤ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ከፍቶ መዝገቡን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፤ ከዚያ በኋላ የተበላሸውን በር ብቻ መጠገን። በመስኮቱ ላይ የታየውንም ቃል በፎቶግራፍ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ሩቅ ያለ ባለሙያ በስልክ ሊረዳ የሚችለው በዚያ ነውና።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ከዲስክ የፈሰሰ መዝገብ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም።