ስለ ኋላ ባሌስትራ፦ ከተረቱ ወደ እውነቱ

በ1895 ዓ.ም. የደረሰው ምድር ባቡርና የጥገና ቤቱ የብዙውን ሰው እጅ ብረት መፍታትና መግጠም ባስተማሩባት በድሬዳዋ፣ የደንገጎን ዳገት ጭነት ተሸክሞ ሲወጣ የኖረ ፒክአፕ የኋላ ባሌስትራው ቢሰበርና ባለቤቱ በግቢው ጥላ ሥር ራሱ ሊፈታው ቢነሣ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ የሚያስነቅፈው በሰፈር ወሬ ተመርቶ እጁን ከብረት በታች ማስገባቱ ነው።

ከወሬዎቹ ሁሉ የከፋው «መኪናው በክሪክ ከተነሣ ባሌስትራው ኃይል የለውም» የሚለው ነው። ባሌስትራ የተደራረቡ ዝርግ ብረቶች ስብስብ ሲሆን፣ አጭሩ ብረት ከረጅሙ ይልቅ አብዝቶ የጎበጠ ሆኖ ሳለ በመሃል ቡሎን ተጠፍረው እንደ አንድ አካል ስለ ቆሙ፣ ከመኪናው ወርዶ መሬት ላይ በጸጥታ ተጋድሞ ሳለ እንኳ ኅቡእ ኃይል በውስጡ ይኖራል። ስለዚህ የመሃሉ ቡሎን ከመፈታቱ በፊት ብረቶቹ ግራና ቀኙን በሁለት ጠንካራ ሞርሳ ይያዛሉ፤ ሞርሳዎቹም ተራ በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይላላሉ። ሳይያዝ የተፈታ እንደ ሆነ ግን ዳዶው ከጥርሱ እንደ ወጣ ብረቶቹ ይበተናሉ፤ ፊቱን አጎንብሶ የሚያየውም ሰው ወዮለት።

መኪናውን በብሎኬት ደግፎ ከሥሩ መተኛትን እንደ ብልኀት የሚቆጥሩም አሉ፤ ብሎኬት ሲፈረካከስ አያስጠነቅቅም።

በሐረር ታክሲነት የታወቀው ፔዦ 404 የኋላ ተሸካሚው ጥምዝ ሞላ በመሆኑ፣ በእርሱ የለመደ ሰው የሞላ መጭመቂያውን ለባሌስትራም ይመኘዋል፤ ነገር ግን ያ መሣሪያ የጥምዙን ቀለበት ሊነክስ የተበጀ ስለ ሆነ ከዝርግ ብረት ላይ ይንሸራተታል። ለባሌስትራ የሚስማማው መጭመቂያ የመኪናው የራሱ ክብደት ነው። ሻንሲው በማይነቃነቅ የብረት ድጋፍ ላይ ከቆመ፣ የፊተኛው ጫፍ ከተገጠመና አክስሉ ከባሌስትራው ጋር ከታሰረ በኋላ፣ አክስሉን በሌላ ክሪክ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ሲገፉት ጉብጠቱ ይቃናል፤ ሲቃናም ርዝመቱ ስለሚጨምር የኋለኛው ጫፍ ራሱ ወደ ማንጠልጠያው ይሄዳል። ቀዳዳው ከቀዳዳ መግጠሙን በቀጭን ዘንግ መፈተን ይገባል እንጂ ጣት ማስገባት የለየለት እብደት ነው። ሻንሲው ከድጋፉ መላቀቅ ሲጀምር ክሪኩ ይቆማል፤ ብቻውን የሚሠራ ሰውስ ይህን ባይጀምረው ይሻላል ባይ ነኝ።

ጉብጠቱ ጠፍቶ የተዘረጋውን ባሌስትራ በኦክስጅን እሳት አግሎ ማጉበጥ ለአላፊ ገዢ የሚበቃ መልክ ይሰጠው ይሆናል፤ ያ ብረት ግን በፋብሪካ በልክ ግሎ፣ በልክ በርዶ ያገኘውን ጽናት ያጣል፤ ከዚያ ወዲያም ጭነት ሲያገኘው ተመልሶ ይዘረጋል፣ ወይም ይሰበራል።

ጫፎቹን የሚይዙትን ቡሎኖች መኪናው በአየር ላይ ሳለ እስከ መጨረሻው ማጥበቅም እንደ ትጋት ይቆጠራል። ጎማ ባለው ቡሽ ላይ ይህ ሲደረግ፣ መኪናው ሲወርድ ጎማው ተጠማዞ ይቀራል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ስለዚህ መጀመሪያ ለጊዜው ይያዛሉ፣ አራቱም ጎማ መሬት ከረገጠና ክብደቱ ካረፈ በኋላ ግን በልካቸው ይጠብቃሉ።